«ምክንያቱ ያልታወቀ» የአፍ መድማት፦ በምንገለገልባቸው ዝርዝሮች ላይ የቀረበ ሂስ

ከአፍ የሚወጣ ደም ለታካሚው እጅግ አስደንጋጭ ነው፤ ለጤና ባለሙያው ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ሆኖ ይታያል። ታካሚው የደማበትን ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው ድዱን ተመልክቶ የአፍ መጉመጥመጫና ቫይታሚን ሲ ያዝለታል። ደሙ ሳይቆም ቀርቶ ታካሚው ሲመለስ በካርዱ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ የአፍ መድማት» የሚል ቃል ይሰፍርና የሪፈር ወረቀት ይጻፍለታል። ይህ አሠራር የአንድ ጤና ጣቢያ ወይም የአንድ ወረዳ ችግር ብቻ አይደለም፤ በሥራው ላይ ያለ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ከአሠራሩ ምንጮች በአንዱ ላይ ነው። ይኸውም በሥልጠና ማስታወሻዎች፣ በጤና ትምህርት በራሪ ወረቀቶችና ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልኮቻችን የሚዘዋወሩት «የአፍ መድማት ምክንያቶች» የሚሉ ዝርዝሮች ናቸው። ዝርዝሮቹ ሐሰት አይናገሩም። ነገር ግን የተሰናዱት ለሌላ አገር ታካሚ በመሆኑ በእኛ አገር ገጠር መቅደም የሚገባቸውን ጥያቄዎች አያስጠይቁም፤ ያልተጠየቀው ነገር ደግሞ በካርዱ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዘገባል። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ባለቤቱን የሚሰውር ቃል ነው፤ ያላወቀው ማን እንደሆነ፣ ለማወቅስ ምን እንደተደረገ አይናገርም። ነገሩን በተጨባጭ ለመመልከት በምዕራብ ሸዋ ዞን የአዳ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን እንጭኒንና ዙሪያዋን በማሳያነት እንወስዳለን።

ዝርዝሮቹ ምን ይላሉ?

የተለመደው ዝርዝር በጥርስ ብሩሽ ይጀምራል። ብሩሹ ጠንካራ መሆኑን፣ በጥርስ መካከል የሚገባ ክር አዲስ መጀመሩን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በልክ አለመሆኑን ይጠቅሳል። ቀጥሎ በጥርስ ላይ በሚጋገር ቆሻሻ የሚመጣውን የድድ ብግነት፣ የእርግዝናን የሆርሞን ለውጥ፣ የቫይታሚን ሲ እና ኬ እጥረትን ያነሳል። በመጨረሻም ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን፣ የፕላትሌት ማነስንና የደም ካንሰርን ይዘረዝራል።

የዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ጠቀሜታ ሊካድ አይገባም። ከድድ ለሚወጣ ደም በጣም የተለመደው ምክንያት በእርግጥም የድድ ብግነት ነው። በብሩሽም ሆነ በአግባቡ በተዘጋጀ መፋቂያ አዘውትሮ የሚጸዳ፣ የተጋገረበት ድንጋይ የተነሣለት ድድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መድማቱን ይተዋል ወይም በግልጽ ይቀንሳል። ዝርዝሩ ከአካባቢያዊ ምክንያት ወደ መላ ሰውነት ሕመም መሸጋገሩም ትክክል ነው።

ጉድለቶቹ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ታካሚው የሚኖርበትን ስፍራና የሚጠጣውን ውሃ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ምክንያቶቹን የሚያሰልፈው በብዛታቸው እንጂ ፈጥነው በሚያደርሱት አደጋ አይደለም። ሦስተኛ፣ ደሙ ከድድ መምጣቱን እንደተረጋገጠ ነገር ወስዶ ይነሣል፤ ታካሚው ግን የተናገረው «በአፌ ደም መጣ» ብሎ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዝርዝሩ የጠፋው አልቅት

እንጭኒ ደጋ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ እህል ያመርታል፣ ከብት ያረባል፣ ወተት ለገበያ ያቀርባል። እንደ ብዙው የሀገራችን ገጠር ሁሉ፣ ከከተማው ወጣ ሲባል ሰውና ከብት ከአንድ ምንጭ ወይም ከአንድ ጅረት የሚጠጡበት ስፍራ ይገኛል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ምክንያቱ ያልተገኘለት የአፍ መድማት ሲያጋጥም ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ስለ አልቅት መሆን ይገባዋል። በአፋን ኦሮሞ ዱላንዱላ ይባላል። ከውጭ የተቀዳው ዝርዝር ግን ስሙን እንኳ አያነሳውም፤ ዝርዝሩን ያሰናዳው ሰው የሚያያቸው ታካሚዎች ውሃ የሚጠጡት ከቧንቧ ነውና።

በሰው አፍና ጉሮሮ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዝርያ ሊምናቲስ ኒሎቲካ ይባላል። ገና ትንሽ ሳለ በውሃ ውስጥ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ሰው ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ወይም በቀጥታ በአፉ ሲጠጣ አብሮ ይገባና በአፍ፣ በጉሮሮ፣ በአፍንጫ የኋላ ክፍል፣ አንዳንድ ጊዜም በማንቁርት ላይ ይጣበቃል። መንጋጋው ደካማ በመሆኑ የውጭ ቆዳን አይበሳም፤ ስስ የሆነውን የውስጥ ሽፋን ግን በቀላሉ ይበሳል። ንክሻው አያምም፤ ከምራቁ የሚወጣው ንጥረ ነገር ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ስለዚህ ታካሚው ሕመም ሳይሰማው ለቀናት፣ አልፎም ለሳምንታት ሊደማ ይችላል። አልቅቱ ጠግቦ ከወደቀ በኋላም ቁስሉ ለተወሰነ ጊዜ መድማቱን ይቀጥላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሰባት ዓመት እረኛ ልጅ እንውሰድ። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ምራቁ ከደም ጋር ይወጣል፤ በአንድ ወገን ነስር አለው፤ ድምፁ ሻክሯል፤ ፊቱ ገርጥቷል። ድዱ ንጹሕ ነው። ዝርዝሩን የተከተለ ባለሙያ ድዱ ጤነኛ መሆኑን ሲያይ በአንድ ጊዜ ከጥርስ ብሩሽ ወደ ደም ካንሰር ይዘላል፤ ቤተሰቡም ላም ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስለ ውሃው የጠየቀ ባለሙያ ግን ምላሱን ተጭኖ፣ ከላንቃው በስተኋላ ያለውን ሁሉ በጥሩ ብርሃን ይመለከታል። በጉሮሮና በማንቁርት የተገኙ አልቅቶች ያስከተሉት የከፋ የደም ማነስና የመተንፈስ ችግር በሀገራችን ሐኪሞች በታተሙ ዘገባዎች በተለያየ ጊዜ ተገልጿል። የገጠሩ ሰው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ከብቱ በአፉ ሲደማ ምላሱን ገልብጦ አልቅት የሚፈልግ እረኛ፣ እርሱ ራሱ ደምቶ ወደ እኛ ሲመጣ ስለጠጣው ውሃ የሚጠይቀው ሊያጣ አይገባም።

ምርመራው አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ የሚዘጋ አይደለም። አልቅት ራሱን ስለሚሰበስብ፣ የረጋ ደምም ስለሚመስል በመጀመሪያው እይታ ሊያመልጥ ይችላል። ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ጥቁር «የደም ጓል» ካለ ጓል አይደለም። በአፍና በቅርብ ጉሮሮ ያለውን በሊዶኬይን አደንዝዞ በመያዣ መቆንጠጫ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል፤ በኃይል መሳብ ግን ሽፋኑን ይቀድዳል፣ ከአልቅቱ አካልም ቁራጭ ያስቀራል። የድምፅ መሻከር፣ የሚያፏጭ አተነፋፈስ ወይም ትንታ ያለበት ታካሚ አልቅቱ ማንቁርት ላይ እንዳለ ተቆጥሮ የአየር መንገድ ዝግጅት ወዳለበት ቦታ በአስቸኳይ መላክ አለበት። አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላ አለመኖሩን ማየት፣ ሄሞግሎቢን መለካትና ቤተሰቡ ውሃውን ቢያንስ በጥቅጥቅ ነጠላ አጥልሎ እንዲጠጣ መምከር የሕክምናው ክፍሎች ናቸው። ማጥለል አልቅትን ያስቀራል እንጂ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንን አያስቀርም፤ ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል። ትምባሆ በጥብጦ በልጅ ጉሮሮ ማፍሰስ ግን ለከብት የተለመደ ቢሆንም ለሰው አደገኛ በመሆኑ መወገዝ አለበት።

«ደም ተፋሁ» ሲባል

ዝርዝሮቹ ሦስተኛውን ጉድለታቸውን የሚያሳዩት በቋንቋ ላይ ነው። በአማርኛ «ደም ተፋሁ» የሚል ሰው ከድዱ የወጣውን ደም፣ ከሳንባው በሳል የመጣውን ደም፣ ከጨጓራው በትውከት የወጣውን ደም ሊናገር ይችላል። ከአፍንጫ ወደ ኋላ ወርዶ በአፍ የወጣም አለ። በእንጭኒ ብዙው ታካሚ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ ከሌላ አካባቢ የተመደበ ባለሙያ የሚሰማው በአስተርጓሚ በኩል ሲሆን ልዩነቱ ይበልጥ ይደበዝዛል። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ታካሚው የተናገረው ቃል ሦስተኛው ቋንቋ ላይ ሲደርስ ከነትርጉሙ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ትልቅ ነው። በሳል የመጣ፣ አረፋ የቀላቀለ ቀይ ደም የሳንባ ነቀርሳን ምርመራ ይጠይቃል። በትውከት የወጣ ጥቁር ወይም የረጋ ደም፣ በተለይ ጣፊያው ባበጠ ወይም ሆዱ ውሃ በያዘ ሰው፣ በጉበት ሕመም ምክንያት በምግብ ቧንቧ ላይ ያበጡ የደም ሥሮች መቀደዳቸውን ሊያመለክት ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ፣ የአንጀት ቢልሃርዝያና የአልኮል መጠጥ በሀገራችን ወደዚህ ከሚያደርሱት መካከል ናቸው። ይህ ሰው አፉን በጨው ውሃ ሲጉመጠመጥ ውሎ ማታ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «ደሙ ሲመጣ አሳለህ? አስመለሰህ? ወይስ ሳታስበው ምራቅህን ስትተፋ አየኸው?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ዝርዝር መቅደም አለበት። መልሱም በታካሚው ቃል እንዳለ ቢጻፍ ለተቀባዩ ሐኪም ከማንኛውም የሕክምና ስያሜ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ቤተሰብ የሚደብቀው ምክንያት

ጨቅላ ሕፃን በአፉ ሲደማ ከውጭ የተቀዳው ዝርዝር የሚረዳን ጥቂት ነው። ጥርስ የለውም፤ ብሩሽም ክርም አይመለከተውም። በሀገራችን ግን ሁለት ነገሮች ወዲያው ሊታሰቡ ይገባል፤ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት። ሕፃኑ ሲያስመልስ፣ ሲያስቀምጠው ወይም ጡት አልጠባ ሲል እንጥሉ «ይወርድበታል» ተብሎ ይሰጋል፤ ድዱ ሲያብጥ ደግሞ ግግ ወጣበት ተብሎ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ተቆርጦ ይወጣል። ቤተሰቡ እንደሚወቀስ ስለሚያውቅ ይህን ሳይጠየቅ አይናገርም፤ በቁጣ ሲጠየቅም ይክዳል። ተገቢው አጠያየቅ «ከመምጣታችሁ በፊት ለልጁ ምን ተደረገለት?» የሚለው ነው። አፉ በጥንቃቄ ሲታይ የተቆረጠው እንጥል ወይም የተተለተለው ድድ ራሱ ይመሰክራል። ከደሙ ሌላ የሚያሰጋው መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ በመሆኑ ጉዳዩ ቁስል በማጠብ አያበቃም።

በቤት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት በአፉ፣ በእምብርቱ ወይም በሰገራው ሲደማ የቫይታሚን ኬ እጥረት ቀዳሚ ግምት ነው። በጤና ተቋም የተወለደ ሕፃን እንደ ተወለደ በመርፌ የሚሰጠው 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ ይህን የሚከላከል ነው፤ መሰጠቱ ግን ከካርዱ መረጋገጥ እንጂ መገመት የለበትም። በሌላ በኩል፣ ጤነኛ መስሎ የሚጠባ ሕፃን ደም ያለበት ትውከት ቢያስመልስ የእናቲቱን ጡት ጫፍ ማየት አላስፈላጊ ሪፈርን ሊያስቀር ይችላል፤ ደሙ ከተሰነጠቀ ጡት የተዋጠ ሊሆን ይችላልና።

ሕክምናው ምክንያት ሲሆን

ዝርዝሮቹ «ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች» የሚለውን ከታች አካባቢ አስቀምጠው ያልፉታል። በሀገራችን ግን ይህ ርእስ የራሱ መልክ አለው። የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና በወጣትነታቸው የያዛቸው፣ የልብ በር የተቀየረላቸው ወይም የልብ ምታቸው የተዛባ ብዙ ታካሚዎች ዋርፋሪን ይወስዳሉ። መድኃኒቱን የጀመሩት በትልቅ ሆስፒታል ነው፤ የሚኖሩት ግን በገጠር ሲሆን የደም መርጋት መለኪያው፣ አይኤንአር የሚባለው፣ በቅርባቸው አይገኝም።

እንዲህ ያለች ታካሚ ድዷ ደምቶ ብትመጣና መድኃኒቷ ሳይጠየቅ «የድድ ኢንፌክሽን» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ቢታዘዝላት የሚከተለው ግልጽ ነው። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪን በጉበት የሚወገድበትን መንገድ ስለሚያዳክም ደሙ ይበልጥ ይቀጥናል። ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞልም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ለድድ ሕመም የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ወደ ጨጓራና ወደ አንጎል ይሸጋገራል። ለአፍ መድማት የምናዘው የተለመደ መድኃኒት ራሱ ገዳይ የሚሆንበት ሁኔታ ይህ ነው። ታካሚዋ የመድኃኒቱን ስም ላታውቀው ትችላለች፤ «የልብ ኪኒን» ትለዋለች። ስለዚህ «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ መተው አይበቃም፤ የልብ ሕመም እንዳለባት መጠየቅ፣ የኪኒኑን ማሸጊያ እንድታመጣ ማድረግ፣ ልቧንም ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ትኩሳት ያለበት መድማት

ትኩሳትና መድማት አብረው ሲመጡ ድድ ላይ መዘግየት አይገባም። በደጋው የቅማል ግርሻ በነስር፣ በድድ መድማትና በቆዳ ላይ በሚታዩ የደም ነጠብጣቦች ሊገለጥ ይችላል። በተጨናነቀ መኖሪያ ለሚያድሩ የቀን ሠራተኞች፣ የቆሎ ተማሪዎችና እስረኞች ለወባ ተብሎ የሚሠራው የደም ስላይድ ግርሻን አብሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ብቻ የተጠቀመ ባለሙያ ግን አያየውም። ፈጣን መመርመሪያ እየተስፋፋ ማይክሮስኮፕ ሲዘነጋ ያጣነው ነገር ይህ ነው። ሕክምናው ርካሽ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው መርፌ ከተሰጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከባድ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል ታካሚው መድኃኒቱን ወስዶ ወዲያው ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም።

ታካሚው ወደ ቆላ ወርዶ እንደነበር መጠየቅም የግድ ነው። የሙገር ሸለቆ ከእንጭኒ ሩቅ አይደለም፤ ለወቅታዊ ሥራ ከዚያም አልፎ የሚሄድ አለ። ወባ፣ የእባብ ንክሻና ካላዛር ከዚያ ተይዘው ደጋ ላይ ሊገለጡ ይችላሉ። ይህ ጥያቄ ሲዘነጋ የሚከፈለውን ዋጋ በደቡብ ጎንደር የሊቦ ከምከም ወረዳ ታሪክ ያሳየናል። በዚያ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ የነበረው በሽታ ለዓመታት መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ታክሟል። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሲሆን እስከዚያ ብዙ ሰው አልቋል። በሽታው ወደ ሁመራና መተማ ለሥራ በሚመላለሱ ሰዎች አማካይነት እንደገባ ይታመናል። ካላዛር ነስርንና የድድ መድማትን እንደሚያመጣ በመማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነው፤ በአካባቢው ግን «እዚህ የለም» ተብሎ ስለታመነ አልተጠየቀም።

ከዚህም የከፉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። ይህ የሚባለው እያንዳንዱን የሚደማ ድድ በፍርሃት ለማየት አይደለም። ትኩሳትና መድማት ያለበት ታካሚ ከየት እንደመጣና ከማን ጋር እንደነበረ ሳይጠየቅ፣ ባለሙያውም ጓንትና የፊት መከለያ ሳያደርግ አፉን መክፈት የለበትም ለማለት ነው። እንዲህ ባለ ወረርሽኝ በቅድሚያ ከሚጠቁት መካከል ሁልጊዜ የጤና ባለሙያዎች አሉ።

ድድ ላይ የሚታይ የሌላ ቦታ ሕመም

ቫይታሚን ሲ የመጀመሪያ ትእዛዝ የሆነበት ልማድ የራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። ስከርቪ በሀገራችን ሰዎች ታሪክ የሌለ በሽታ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን የስደተኛ መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በስፋት ተከስቶ ተጠንቷል። ነገር ግን የሚከሰተው ለወራት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ባልቀመሰ ሰው ላይ ነው፤ በመጠለያ፣ በእስር ቤት፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በከፋ ድህነት ምክንያት። ድዱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ እግር ያማል፤ በቆዳው የጸጉር ሥሮች ዙሪያ ደም ይታያል። ቃሪያና ጎመን ከገበታው ላልጠፋ ገበሬ ኪኒኑን ማዘዝ የምርመራ ምትክ ሊሆን አይችልም። ጉዳቱም ቪታሚኑ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ትክክለኛው ምርመራ በሁለት ሳምንት ስለሚዘገይ ነው።

ይህ ሁለት ሳምንት በተለይ በአንድ በሽታ ላይ የልጅን ፊት ያሳጣል። ኖማ የሚጀምረው በሚደማና ክፉ ሽታ ባለው ድድ ነው። ኩፍኝ ወይም ሌላ ሕመም ያለፈበት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ትንሽ ልጅ ላይ ሲታይ በቀናት ውስጥ ጉንጭንና አጥንትን ይበላል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ግን በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ካጡ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው።

የደም ካንሰርም በድድ ሊጀምር ይችላል። ያበጠና የሚደማ ድድ፣ መገርጣት፣ የማይለቅ ትኩሳትና በቆዳ ላይ የደም ነጠብጣብ ሲገናኙ ጥርስ መንቀል ክልክል ነው፤ የተሟላ የደም ሕዋስ ቆጠራ ሳይዘገይ መደረግ አለበት። ፕላትሌት ብቻ የቀነሰበት ታካሚ የኤችአይቪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ላንቃ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ካለ ካፖሲ ሳርኮማ ይታሰባል። ነፍሰ ጡር ላይ የድድ መድማት የተለመደ ቢሆንም የደም ግፊቷ ሳይለካና ሽንቷ ሳይታይ «የእርግዝና ነው» ብሎ ማሰናበት አይገባም።

«ያልታወቀ» ብሎ ከመጻፍ በፊት

ለዚህ ሂስ ሊሰጥ የሚችለው መልስ ይታወቃል። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ ባለሙያ ለእያንዳንዱ የሚደማ ድድ ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም፤ ብዙው መድማት ደግሞ በእርግጥ ከድድ ብግነት ነው፤ ጤና ጣቢያው የደም ቆጠራ መሣሪያ ላይኖረው ይችላል። እነዚህ መከራከሪያዎች እውነትነት አላቸው። ነገር ግን የሚከተሉት ጥያቄዎች መሣሪያ አይጠይቁም፤ ጊዜያቸውም የሪፈር ወረቀት ከመጻፍ አይበልጥም።

1. ደሙ የመጣው በምራቅ፣ በሳል፣ በትውከት ወይስ ከአፍንጫ ወርዶ ነው?
2. የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው? በቀጥታ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ጠጥተሃል? በጉሮሮህ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማሃል?
3. ትኩሳት አለህ? በቅርብ ወራት ወደ ቆላ ወርደሃል? ተነድፈሃል?
4. ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ከባህል ሐኪም ዘንድ ምን ተደረገልህ?
5. ሌላ የሚደማ ቦታ አለ? በሽንት፣ በሰገራ፣ በቆዳ፣ በወር አበባ?
6. ስትገረዝ፣ ጥርስ ስትነቀል ወይም ስትወልጂ ከሌላው ሰው ይበልጥ ደምተሻል? ከቤተሰብስ እንዲህ የሚደማ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከላቦራቶሪ ያላነሰ ዋጋ አለው። በልጅነቱ ተገርዞ ያልደማ፣ ጥርሱ ተነቅሎ በቶሎ የደረቀለት ሰው ከባድ የዘር የደም አለመርጋት ሕመም ያለበት የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ የአሁኑ መድማቱ ዘግይቶ ከመጣ ምክንያት እንደሆነ ይጠቁማል።

ከጥያቄዎቹ በኋላ ምላስ መጫኛና ጥሩ ባትሪ ይበቃል፤ ድድ፣ ከምላስ ሥር፣ ላንቃ፣ እንጥልና የጉሮሮ ጀርባ በቅደም ተከተል ይታያሉ። የዓይን ቢጫነት፣ የቆዳ ነጠብጣብ፣ ጣፊያና ጉበት ይፈተሻሉ። የደም መርጋት ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ የ20 ደቂቃው ፈተና አለ። ንጹሕና ደረቅ በሆነ አዲስ የመስታወት ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም ተቀድቶ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ይዘነበላል። ያልረጋ ከሆነ የደም መርጋት ሥርዓቱ በእባብ መርዝ፣ በጉበት ሕመም፣ በመድኃኒት ወይም በሌላ ከባድ ሕመም ተናግቷል ማለት ነው። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ከታጠበ ውጤቱ አይታመንም። ፈተናው የፕላትሌት ማነስን እንደማያሳይም መዘንጋት የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ካልተገኘ «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ተገቢ ቦታውን ያገኛል። በዚህ ጊዜ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከቃሉ ጋር የተጠየቀውና የታየው አብሮ ይጻፋል፤ «የጉሮሮ ጀርባ ታይቷል፣ አልቅት የለም፤ ዋርፋሪን አይወስድም፤ ደሙ በ20 ደቂቃ ረግቷል» የሚል። ከእንጭኒ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ታካሚ የሚከፍለው የመኪና፣ የማደሪያና የምርመራ ገንዘብ ነው፤ ባዶ ወረቀት ይዞ ከሄደ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይደገምበታል።

ዝርዝሮችን የምናዘጋጅ አሠልጣኞችም ኃላፊነት አለብን። በሌላ አገር የተሰናዳውን ወስደን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መመለስ ሥራውን አይጨርስም። አልቅት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ፣ ግርሻ፣ «የልብ ኪኒን» የሚሉት ቃላት በዝርዝሩ ውስጥ ቀድመው መግባት አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉም ፈጥኖ ከሚገድለው መጀመር አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የትኛው ምንጭ አልቅት እንዳለበት ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ዝርዝሩ ሲሰናዳ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።